አባ ማነው ያልሰሙት የውሃ ቃል

አገሩ የት ነው ብላችሁ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ መንገዱን ትጠይቁኛላችሁ፤ መንገዱን ብነግራችሁ ደግሞ ሹሙ ያ እገሌ ነው ወይ ትሉኛላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እናንተም እኔም በሰላም አናድርም። ብቻ ሁለት ሸንተረር የነበረው አገር ነበር በሉ፤ አንዱ ላይኛው ሸንተረር፣ አንዱ ታችኛው ሸንተረር። በመካከላቸው ጥልቅ ቆላ አለ። በቆላውም ሰው ይኖራል፤ ግን የሁለቱም ሸንተረር ሰዎች ስለ ቆላ ሰው ማውራት አይወዱም ነበር።

በዚያ አገር ሥራ የሚሠራው በቃል ነበር። ቤት ሲሠራም ሆነ መንገድ ሲጠረግ መጀመሪያ ቃሉ ይነገራል። ማን ምን ያመጣል፣ ማን የት ይቆፍራል፣ ከማን ቀጥሎ ማን ይነሳል የሚለው ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ በአንድ ቃል ነጋሪ አፍ ይወርዳል። ይህን የሚያዳምጥ ሹም ደግሞ አለ፤ ማዕረጉ ሰሚ ይባላል። ሰሚው ጨርሶ ካዳመጠ በኋላ «ይሰማል» ካለ ነጋሪት ይመታና ሕዝቡ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይሠራል። «አይሰማም» ካለ አንዲት ጠጠር ከቦታዋ አትነሳም። ሥርዓቱ የወጣው ድሮ እያንዳንዱ እንደ መሰለው የሠራው ግንብ በሠሪዎቹ ላይ ስለ ወደቀ ነው ይባላል። ሥርዓቱ ክፉ አልነበረም። ችግሩ ሰሚዎቹ ሁለት መሆናቸው ነበር።

የላይኛው ሸንተረር ሰሚ አባ ይሁን ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም እሳቸው ራሳቸው ሳይረሱት አልቀሩም። ደግ ሰው ናቸው። ከቃል ነጋሪው ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ሽምብራ እየቆረጠሙ ያዳምጣሉ፤ ነጋሪው ቢሳሳት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ቢያስነጥስም ይነቀንቃሉ። «ሊል የፈለገው ይገባኛል» ነው የእሳቸው ሃይማኖት። ቃሉ ላይ የጎደለ ነገር ካለ ከራሳቸው ሞልተው ያሳልፉታል። ከአባቶቻቸው የወረሱት አንድ ደንብም አላቸው፤ በቃሉ ውስጥ ስሙ ተጠርቶ ማንነቱ ያልተነገረ ቢኖር፣ ሰው ነው ተብሎ ይገመታል፣ የሚያመጣውም ጭነት አንድ ክንድ ነው ተብሎ ይገመታል። አባቶች ይህን ሲደነግጉ ጭነት ሁሉ ድንጋይ ነበር፤ ድንጋዩም ከአንድ ክንድ አይበልጥም ነበር። ስለዚህ ግምቱ ማንንም አልጎዳም። በኋላ አባቶች ሞቱ፣ ጭነቱም ተለወጠ፤ ግምቱን ግን የሚቀብረው ጠፋ።

የታችኛው ሸንተረር ሰሚ አባ ማነው ናቸው። እኚህ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናቸው። ቃል ሲነገር ጆሯቸውን ለብ ባለ ውሃ ታጥበው፣ የነጋሪው ፊት እንዳያባብላቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ግድግዳ እያዩ ይቀመጣሉ። ምክር መስጠት በሥርዓቱ ተከልክለዋል። ያልተነገራቸው ነገር ከተጠራ «ማነው? አላውቀውም» ይላሉ፤ ከዚያ «አይሰማም» ይላሉ፤ አለቀ። አንድ አባት ለልጁ ሠርግ የዳስ ቃል ሲያስነግር «ዳሱ ለሙሽራዋ ይተከል» አሰኘ። ሙሽራዋ ማን እንደሆነች አስቀድሞ አላስነገረም። አባ ማነው «ሙሽራዋ ማናት? አላውቃትም» አሉ፤ ሙሽራዋ እዚያው ደጃፍ ቆማ እያለቀሰች ነበር። ሠርጉ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። እኔ ራሴ በዚያ ዘመን ብኖር እጠላቸው ነበር፤ ምን እዋሻለሁ።

አንድ ዓመት የታችኛው ሸንተረር ምንጭ ደረቀ። እንደ ቀልድ ቀጠነ፣ ከዚያ አንጠባጠበ፣ ከዚያ ዝም አለ። የቀረው በትልቁ የድንጋይ ገንዳ የተጠራቀመው ብቻ ሆነ። ሹም ደግፌ፣ የታችኛው ሸንተረር ገዢ፣ ፊታቸውን አጠቁረው ወደ ላይኛው ሸንተረር ሽማግሌ ላኩ። ላይኛው ሸንተረር ውሃ ተርፎት ሜዳ ላይ የሚፈስ አገር ነው።

መልስ ይዞ የመጣው አዛዥ ጓንጉል ነው። ይህ ሰው የረግረግ አዛዥ ነው። የላይኛው ሸንተረር ቦይ ገደሉን የሚሻገረው በቀርከሃ ቧንቧ ነበር፤ ያ መሻገሪያ ደግሞ እንደ ወንፊት ያፈሳል፤ ከሥሩም ሰፊ ረግረግ ተፈጥሯል። ለምን ያፈሳል ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ረግረግ ካለ አዛዥ ያስፈልገዋል ተባለና ጓንጉል ተሾመ። እሱም ምክትል ሾመ፤ ምክትሉ የእንቁራሪት ጠባቂ ሾመ፤ ጠባቂው ደግሞ ወንድሙን የጠባቂው ጠባቂ አደረገው። በየዓመቱ የረግረግ በዓል ይከበራል፣ ጓንጉልም እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ ምርቃት ይቀበላል።

«ውሃ ሞልቶናል፤ ውሰዱ» አለ ጓንጉል፣ ነጠላውን እያስተካከለ። «ነገር ግን ቦዩ ከምንጩ እስከ ደጃችሁ በአንድ ቃል ነው የሚወርደው። የእኛን የውሃ ቃል ሁለቱም ሰሚዎች ይስሙት። ገንዳችሁ ሳይደርቅ ከተሰማ ሥራው ይጀመራል። ካልተሰማም አትፍሩ፤ በረግረጉ ዳር ባዶ መሬት አለን። መጥታችሁ ጥገኛ ትሆናላችሁ።»

ጥገኛ ማለት በዚያ አገር ቃል የሌለው ሰው ማለት ነው። ሌላው በተናገረው ቃል ይሠራል፤ የራሱ ነጋሪም የራሱ ሰሚም አይኖረውም። የታችኛው ሸንተረር ሰው ይህን ሲሰማ ቃሉ የሚነገርበትን ቀን ቀጠረ።

የታችኛው ሸንተረር ቃል ነጋሪ ስንዱ የምትባል ሴት ናት። ቃል መንገርን የተማረችው ላይኛው ሸንተረር ወጥታ ነው፤ የውሃውንም ቃል አንዲት ነገር ሳትስት በአንድ ትንፋሽ ታወርደዋለች። ኩሩ ናት። ኩራቷም ያምርባታል፤ ሥራዋን የሚያውቅ ሰው ቢኮራ ምን ይደረጋል? አገሯ ጥገኛ ከሆነ እሷ ዝም ልትል ነው፤ ከእሷ በኋላም የሚናገር አይኖርም። ስለዚህ በቀጠሮው ቀን ሕዝቡ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባ ማነው ጆሯቸውን ታጥበው ግድግዳቸውን እያዩ ሳለ፣ ቃሉን እንደ ማር አወረደችው። ሴቶች እልል አሉ።

አባ ማነው ጥያቄያቸውን ጀመሩ።

«ድማሙ ማነው? አላውቀውም። ያመጣው ቀርከሃ ምን ያህል ነው? አላውቀውም። በቀርከሃው የሚሻገረው ቦይ የቱ ነው? አላውቀውም። ቦዩ የሚደርስበት ደጅ የማን ነው? አላውቀውም።» እንዲህ እያሉ ሄዱ፣ ሄዱ፣ ጥላ እስኪዞር ድረስ ሄዱ። በመጨረሻ «ውሃ ምንድን ነው? አላውቀውም። አይሰማም» አሉና ተነስተው ወደ ቤታቸው ገቡ።

አዛዥ ጓንጉል በሳቅ ፈነዳ። «እኛ ዘንድ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተሰማ ቃል ነው» አለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ የእናንተ ሰሚ ጆሮስ ለአገሩም ባዳ ሆነ።»

ወዲያው ሸንጎ ተቀመጠ። እዚህ ላይ የታችኛው ሸንተረር ሰዎች አንድ ልማድ ልንገራችሁ፤ አገሩን ሊያጠፋው የነበረው እሱ ነውና። በሸንጎአቸው በዕድሜ የሚበልጠው ሁልጊዜ መጨረሻ ይናገራል። ስለዚህ መልስ የሚሰጠው ከመጨረሻው ንግግር ተጀምሮ ወደ ኋላ ነው፤ አክብሮት ነው። ከጊዜ በኋላ ይህ ለነገር ሁሉ ደንብ ሆነ። ቤት ቢቃጠል እንኳ መጨረሻ ከተያያዘው ጥግ ነበር ማጥፋት የሚጀምሩት። አሁንም አባ ማነው መጨረሻ ላይ ያሉት «ውሃ ምንድን ነው» ነውና፣ ሹም ደግፌ «በሉ ውሃ አሳዩአቸው» ብለው አዘዙ። ከገንዳው፣ ከዚያች ካለችው፣ በቅል ተቀድቶ ተወሰደላቸው። አባ ማነው ውሃውን ጠጡ፣ አፋቸውን ጠረጉ፣ «አላውቀውም» አሉ።

ከዚያ ውሃ ምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሸንጎ ተቋቋመ። ውሃ ማለት ሲጠጡት የሚጠጣ፣ ሲፈስ የሚፈስ፣ ከጠላ የሚቀጥን ነገር ነው ብለው ከቃሉ ጫፍ ላይ ቀጠሉበት። ስንዱ ይህን ጨምራ ብትናገር አባ ማነው «ጠላ ምንድን ነው?» አሉ። ስለ ጠላ ቢቀጠል ስለ ጌሾ ጠየቁ። ስለ ደጁ ሌላ ሸንጎ፣ ስለ ቦዩ ሌላ ሸንጎ ተቋቋመ፤ አንዱ አንዱን ሲያርም ቃሉ እየረዘመ፣ የአባ ማነውም ጥያቄ እየበዛ ሄደ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉታል ይህን። ገንዳው ደግሞ ሸንጎ እስኪያበቃ አይጠብቅም፤ በየቀኑ ይጎድል ነበር።

ሰው ሲጨንቀው የማያመጣው ዘዴ የለም። አንዱ የሰሚው ጆሮ በጥጥ ይደፈን አለ። ሌላው የአባ ይሁንን የወንድም ልጅ አምጥተን እንሹም አለ። ሹም ደግፌ ራሳቸው ዐዋጅ አስነገሩ፤ ከዛሬ ጀምሮ «አይሰማም» ማለት «ይሰማል፤ ግን ትንሽ ያሳስባል» ማለት ነው ተባለ። ይህን ዐዋጅ አንድ ሰው ለአባ ማነው ሲነግራቸው «ዐዋጁ ማነው? አላውቀውም» አሉ። ዐዋጁ በዚያው ቀረ።

ስንዱ በበኩሏ ጨሳለች። ወደ አባ ማነው ቤት ሄዳ በራፋቸው ላይ ቆመች።

«አባ፣ ላይኛው ሸንተረር የሰማውን አንቱ ለምን አይሰሙም? ሰው እኮ ሊጠማ ነው!»

«የተነገረኝን እሰማለሁ፤ ያልተነገረኝን አልሰማም።»

«ሌላው ሞልቶ ይሰማ የለም እንዴ?»

«የሌላውን ጆሮ አልተሸከምኩም፣ ልጄ።»

«ግማሹን ብቻ ብነግርዎስ?» አለች፣ ከንዴት እንጂ ከዘዴ አልነበረም።

አባ ማነው ወደ ግድግዳው ዞሩ። «የተነገረኝን እሰማለሁ» አሉ።

 ቃልን መቆራረጥ በዚያ አገር ነውር ነው፤ ልጅን ከወገብ እንደ መቁረጥ ነው የሚቆጠረው። እሷ ግን ከእሳቸው ፊት፣ ማለቴ ከጀርባቸው፣ ቁጭ ብላ የቃሉን ጭራ ቆርጣ ጣለችና የቀረውን ተናገረች። «አይሰማም» አሉ። ስለ ውሃ ግን አልጠየቁም። የደጁን ነገር ቆረጠች፤ «አይሰማም» አሉ፣ ስለ ደጁ ግን አልጠየቁም። ቦዩን ቆረጠች። ቆፋሪዎቹን ቆረጠች። ቃሉ እያጠረ፣ እያጠረ መጣ፤ አንድ ጊዜ የወንዝ ያህል ይረዝም የነበረው ቃል በመጨረሻ አንዲት አረፍተ ነገር ሆኖ ቀረ።

«ድማሙ ቀርከሃ ያመጣል።»

«ድማሙ ማነው? አላውቀውም። አይሰማም።»

ስንዱ ከት ብላ ሳቀች። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያ ሁሉ የጥያቄ መዓት፣ ቀርከሃው፣ ቦዩ፣ ደጁ፣ ውሃው፣ ሁሉም ከዚህች አንዲት ነገር የተወለደ ነው። ድማሙን ካላወቁ ያመጣውን አያውቁም፤ ያመጣውን ካላወቁ የሚሻገረውን አያውቁም፤ እንዲህ እያለ ውሃ ድረስ ይወርዳል። ሽማግሌዎች ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። አገሩ ግን ይህን እየተረተ ነገሩን ከጭራው ነበር የያዘው።

ሸንጎ ገብታ «ድማሙ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

 አንዱ የቅዱስ ስም ነው አለ። አንዱ የበሬ ስም ነው፣ አያቴ ድማሙ የሚባል በሬ ነበራቸው አለ። ሹም ደግፌ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ለቃሉ ማማሪያ የገባ ነው። ጥንታዊ ነው» አሉ። ስንዱ ራሷም ይህን ስም በልጅነቷ ተምራ ስንት ጊዜ ተናግራዋለች፤ ማን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። ይህ ከሁሉ ይልቅ አንገበገባት። ስልቻዋን አንጠልጥላ ወደ ቆላ ወረደች።

ድማሙን ለማግኘት አልተቸገረችም። ቆላ ወርዳ ያገኘችው የመጀመሪያው ሰው «ያውልሽ» ብሎ ጠቆማት። ደረቱ የሰፋ፣ ፂሙ የሸበተ፣ ሙሉ ቀርከሃ በትከሻው እንደ ዘንግ የሚሸከም ሰው ነው። ድማሙ የአንድ ሰው ስም ብቻ አይደለም፤ የቀርከሃ ተሸካሚዎቹን የሚመራ ሁሉ ከአባቱ ወርሶ ድማሙ ይባላል።

«በላይኛው ሸንተረር ቃል ስምዎ ይጠራል፤ ያውቃሉ?» አለችው።

«እንዴት አላውቅ? ነጋሪት ሲመታ 'ድማሙ ቀርከሃ ያመጣል' ሲሉ እንሰማና ተሸክመን እንወጣለን። አባቴም እንዲሁ ነበር።»

«ታዲያ ያ መሻገሪያ ለምን ያፈሳል?»

ድማሙ ቀርከሃውን ከትከሻው አወረደ።  «ነይ ላሳይሽ» አለና አንድ ረጅም ቀርከሃ መረጠ፤ የዛፍ ቁመት ያህላል። በየአንጓው ያለው የውስጥ ግርዶሽ በጋለ ብረት ተበስቷል። ከአንዱ ጫፍ ውሃ ጨመረበት፣ በሌላው ጫፍ ወጣ። በመካከሉ አንዲት ጠብታ አልጠፋችም።

«እኛ የምናመጣው ይህን ነው። የላይኛው ሸንተረር በር ላይ ስንደርስ ግን መጋዝ ይዘው ይጠብቁናል። ከጫካው ጀምሮ ትከሻችን እስኪላጥ ያመጣነውን ይዘው በአንድ ክንድ፣ በአንድ ክንድ ይቆራርጡታል። ከዚያ ቁርጥራጩን በጭቃ ያያይዙታል። ጭቃ ውሃ ይዞ ያውቃል?»

«ለምን ትቆርጣላችሁ ብላችሁ አልጠየቃችሁም?»

«ማንን ነው የምንጠይቀው፣ እመቤት? ሕግ መሰለን። ሰሚያቸው ያልታወቀ ሰው ጭነቱ አንድ ክንድ ነው ብለዋል አሉ። ቆላ ደግሞ ነጋሪ የለውም። እኛ እንሸከማለን እንጂ አንናገርም።»

ስንዱ አፈረች፤ እሷም እኮ ጥገኛ ልሆን ነው ብላ ስታለቅስ የከረመች ሰው ናት፤ እነዚህ ሰዎች ግን በመሃል አገር ተቀምጠው ከጥገኛ በታች ሆነው ኖረዋል። ከዚያ አንድ ነገር ገባትና መሬት ላይ ተቀመጠች። አባ ማነው በዚያች በመጀመሪያዋ ቀን «ይሰማል» ብለው ቢሆን ኖሮ ነጋሪት ተመትቶ፣ ቀርከሃው ተቆርጦ፣ ውሃው በረግረጉ ላይ ፈስሶ ያልቅ ነበር። ወደ ታችኛው ሸንተረር የሚደርስ ነገር አይኖርም። እነሱም የደረቀባቸውን ገንዳ ታቅፈው ይቀሩ ነበር። አባ ይሁን ዘንድ ቃሉ የተሰማው ስህተት ስላልነበረበት አይደለም፤ ስህተቱን በደግነት ስለ ሸፈኑት ነው።

«በቃሉ ላስገባዎት ነው» አለችው። «ማን ልበል?»

ድማሙን እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀው ሰው ኖሮ አያውቅም። «ድማሙ የቆላ ሰው ነው በይ። የሚያመጣው ሙሉ ቀርከሃ ነው፤ ቁመቱ በበቀለበት ልክ ነው፤ አይቆረጥም በይ።» ቀጥሎም ጣቱን አነሳ። «ይህን ደግሞ ከመጥራትሽ በፊት በይው። ከተጠራ በኋላ ማነው የሚባል ሰው ሌባ ይመስላል።»

ስንዱ ስትመለስ የታችኛው ሸንተረር ሰዎች ጭነት እያሰሩ አገኘቻቸው። ገንዳው ውስጥ የቀረው እንደ እሬት የሚመር ጭቃማ ውሃ ነበር። አህዮች በየደጁ ቆመዋል፣ ሙቀጫ ሳይቀር ተጭኗል። «ጫኑ፤ ግን ቃሌን ሰምታችሁ ነው የምትሄዱት» አለቻቸው። ተሰበሰቡ። ሸንጎዎቹ የቀጣጠሉትን ጠላና ጌሾ ሁሉ ጠርጋ ጣለች። የድሮውን ቃል እንደ ነበረ መለሰችው፤ ከራሱ ላይ ብቻ የድማሙን ነገር አስቀደመች። ከዚያ ተናገረች።

አባ ማነው ሲያዳምጡ ቆዩ። ድማሙ ላይ ደረሰች፣ ዝም አሉ። ቀርከሃው ላይ ደረሰች፣ ዝም አሉ። ቦዩን፣ ቆፋሪዎቹን፣ ደጁን፣ ውሃውን ሁሉ አልፋ ጨረሰች። 

«ይሰማል።»

ሹም ደግፌ «ምን አሉ?» ብለው ጎረቤታቸውን ጠየቁ። ጎረቤታቸው መልስ ከመስጠቱ በፊት ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። አንድ ሽማግሌ አባ ማነውን ሊሸከማቸው ሞከረ፣ እሳቸው ግን «ማነህ?» ብለው ገፈተሩት። አገር ሳቀ።

ግን ግማሹ መንገድ ቀርቶ ነበር። አዲሱን ቃል ላይኛው ሸንተረርም መስማት አለበት። ስንዱ ድማሙን አስከትላ ወጣች። አዛዥ ጓንጉል በሩ ላይ ጠበቃቸው፤ ከኋላው ምክትሉ፣ የእንቁራሪት ጠባቂውና የጠባቂው ጠባቂ ተሰልፈዋል።

«የተሰማ ቃል አይነካም!» አለ ጓንጉል። «በእኛ ሰሚ ያለፈ ቃል ጉድለት የለበትም። የእናንተ ሰሚ ከከበዳቸው እዚያ ስትናገሪ የድማሙን ነገር ጨምሪ፣ እዚህ ስትናገሪ ዝለዪው። ሁለት ቃል ይሁን። ማን ይጎዳል?»

«ጌታዬ፣ ቧንቧው አንድ ነው» አለች ስንዱ። «እናንተ ዘንድ ተቆርጦ እኛ ዘንድ ሙሉ የሚሆን ቀርከሃ የት አገር አይተዋል?»

ጓንጉል መልስ ፍለጋ ወደ ምክትሉ ዞረ። በስተኋላ የተቀመጡ ሁለት መጋዝ ያዦች ተያይተው ሳቁ። ስንዱም ጊዜ ሳትሰጠው ወደ ሰሚው ገብታ ቃሉን ከራሱ ጀመረች።

አባ ይሁን እንደ ልማዳቸው ሽምብራ እየቆረጠሙ ይነቀንቁ ነበር። «ድማሙ የቆላ ሰው ነው፤ የሚያመጣው ሙሉ ቀርከሃ ነው፤ አይቆረጥም» ስትል ግን መንጋጋቸው ቆመ። ሽምብራው ከእጃቸው ወደቀ። በአገሩ ታሪክ አባ ይሁን ቃል ሲያቋርጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ታየ።

«ድማሙ... እውነትም ሰው ነበር እንዴ?»

«አለሁ፣ አባ» አለ ድማሙ ከበሩ ላይ።

አባ ይሁን አዩት። ትከሻውን አዩ፤ ቀርከሃ የላጠውን ቦታ አዩ። «ስንቱን ዘመን ስላንተ ራሴን ስነቀንቅ ኖርኩ» አሉ። «ደግ ሠራሁ ብዬ! ልጄ፣ ባይነገረኝ ገመትኩ። ጠይቄ ቢሆን ኖሮ...» ንግግራቸውን አልጨረሱትም። ተነስተው ቆሙ፤ ያን ቀን ቆመው ሰሙ። ስንዱ ስትጨርስ አልነቀነቁም፤ አፋቸውን ሞልተው «ይሰማል!» አሉ። ድምፃቸው ገደሉን አልፎ ሄደ። ደንቡ ያልተነገረን ነገር ስለ መገመት ነው እንጂ የተነገረን ነገር አይሽርም፤ ጓንጉል ይህን ያውቃልና ከበሩ ዞር አለ።

ሁለቱም ነጋሪቶች በአንድ ቀን ተመቱ። የቆላ ሰዎች ሙሉ ቀርከሃ ተሸክመው ሽቅብ ሲወጡ መጋዝ ያዦቹ መጋዛቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው መንገድ ለቀቁ፤ አንደኛው እንዲያውም ትከሻውን ሰጥቶ አገዘ። መሻገሪያው ተሠራ። ውሃ ለቀቁበት። ሰው ሁሉ ከሥሩ ቆሞ እጁን ዘርግቶ ጠብታ ጠበቀ፤ እጁ ደረቅ እንደሆነ ቀረ። አዛዥ ጓንጉል ረግረጉ ሲደርቅ አይቶ ትንሽ ቀዳዳ እንኳ እንዲተውለት አቤቱታ አቅርቦ ነበር፤ ሰሚ አጣ። በኋላ ግን በደረቀው ጥቁር አፈር ላይ ጎመን ተክሎ ጎመኑ የአገር መነጋገሪያ ሆነለት። እንቁራሪቶቹ ጠባቂ ሳያስፈልጋቸው ኖሩ።

ውሃው ታችኛው ሸንተረር የደረሰው በተለቀቀበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ገንዳው ደርቋል፤ ሰዉ ሥራው እስኪያልቅ መጠበቅ አቅቶት ጭኖ መንገድ ላይ ወጥቷል፤ ሹም ደግፌ የመጨረሻውን ስንብት ለማድረግ ኮረብታው ላይ ቆመዋል። ከቦዩ አፍ መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ቅጠል የያዘ አረፋ መጣ፣ ከዚያ እንደ ክንድ የወፈረ ውሃ ገንዳው ውስጥ ተወረወረ። ማንም አልጮኸም። ሰው ሲደነግጥ እንዲያ ነው። ድማሙና ሰዎቹ ከውሃው እኩል በቦዩ ዳር እየተራመዱ ደረሱ፤ ቆመውም ሊጋበዙ ጠበቁ፤ በሸንተረር ሰው ደጅ ሳይጠሩ መግባት አልለመዱም።

ስንዱ ቅል አንስታ ከገንዳው ቀዳች፣ ሕዝቡን ሁሉ አልፋ ሄደች፣ ለድማሙ ሰጠችው። ከአገሩ ሰው ማንም ሳይጠጣ እሱ ጠጣ። ሹም ደግፌ ይህን ሲያዩ ከኮረብታው ወርደው ከእሱ ቀጥለው ቅሉን ተቀበሉ፤ ለእኚህ ሰው ያ ትልቅ ነገር ነበር። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩና፣ ልማዱ ጠፍቶባቸው ከመጀመሪያዋ አህያ ጀምረው እየጠቆሙ፣ በሕይወታቸው ካወጡት ዐዋጅ ሁሉ አጭሩን ዐዋጅ አወጁ።

«አራግፉ!»

ሙቀጫው ወረደ፣ አልጋው ወረደ፣ ዶሮዎቹ ተፈቱ። ሴቶቹ ያኔ ነው እልልታውን የለቀቁት፤ ላይኛው ሸንተረር ድረስ ተሰማ ይላሉ፣ ቆላም ድረስ። በማግሥቱ ሰዉ ሁሉ እርሻው ላይ ነበር።

ከእኔ መንገር ነው፤ መስማቱ የእናንተ ነው።